ማስተካከያ፦ እኩል ክብደት እኩል ጫና ማለት አይደለም

በመሃል አዲስ አበባ የግንባታ ዕቃ ለሚያመላልሱ አሽከርካሪዎች ቀደም ሲል ባዘጋጀነው ማብራሪያ፣ ጠቅላላ ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት የጭነት መኪናዎች በድልድይ ላይ እኩል ጫና እንደሚያሳድሩ የገለጽነው ስሕተት ነው።

በሁለት ጫፎቹ ብቻ የተደገፈ፣ 6 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ እንውሰድ። 20 ቶን የሚመዝን ባለ ሁለት አክስል (ጎማዎች የሚገጠሙበት ዘንግ) መኪና፣ እያንዳንዱ አክስል 10 ቶን ተሸክሞና በመካከላቸው 4 ሜትር ርቀት ኖሮ ሲያልፍ፣ ድልድዩን የሚያጎብጠው ከፍተኛ ጫና 15 ቶን ሜትር (ክብደት በርቀት ተባዝቶ የሚገኝ የማጉበጥ መለኪያ) ነው። እነዚሁ አክስሎች በ1.3 ሜትር ተቀራርበው ቢተከሉ ግን ጫናው ወደ 24 ቶን ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ክብደቱ ግን ያው 20 ቶን ነው። አጭር ድልድይ የሚፈራው የመኪናውን ርዝመት ሳይሆን አክስሎቹ ተጠጋግተው መቆማቸውን ነው፤ የኮንክሪት ሚክሰር የኋላ አክስሎችም እንዲህ የተጠጋጉ ናቸው። ርዝመቱ እየጨመረ በሄደ ድልድይ ላይ ጠቅላላው ክብደት የበለጠ ይወስናል።

በፒያሳ አቅራቢያ የሚገኘውን የራስ መኮንን ድልድይ በቀደመው ማብራሪያ የጠቀስነው ቦታውን ለማመልከት ብቻ ስለነበር፣ ስለ አቅሙ የተሰጠ መረጃ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። የማንኛውም ድልድይ አቅም የሚታወቀው መሐንዲስ ንድፉን መርምሮ፣ የኮንክሪቱንና የብረቱን ሁኔታ፣ እንዲሁም የክረምት ጎርፍ የመሠረቱን አፈር ጠርጎ እንደሆነ በቦታው ተገኝቶ ሲያይ ነው። በድልድዩ ላይ የተለጠፈ የክብደት ገደብ ካለ ግን ሳይሸራረፍ መከበር አለበት።