የከሰሉ ገዳይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይደለም

ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው የሚሞቱትን የሚገድላቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ለስላሳ ውስጥ ያለው ያው ጋዝ ነው የሚል ነገር ደጋግሜ ስላየሁ ላርም ብዬ ነው። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያዛል። ዳይኦክሳይዱ ግን እኛ ስንተነፍስ የምናስወጣው፣ ተክል ምግቡን የሚሠራበት፣ አምቦ ውሃን አረፋ የሚያደርገው ነው (በጣም ከበዛ እሱም ያፍናል፣ እሱ ልክ ነው)። የኬሚስትሪ መጽሐፍ ከፍታችሁ ፎርሙላቸውን አስተያዩት፣ ሞኖክሳይዱ አንድ ኦክስጅን ዳይኦክሳይዱ ሁለት ነው ያለው። የሚያሳስበኝ ሰው "ያው የለስላሳ ጋዝ ነው፣ ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም" ብሎ ማንደጃውን መኝታ ቤት ማስገባቱ ነው፣ የቀላ ፍም ጭስ ባይኖረውም ሞኖክሳይዱን እያወጣ ነው፣ እባካችሁ ውጭ አድርጉት።