ባለ ሽርጡ ሰውዬ ዘንድሮም መጣ

ወገን፣ ዛሬ ይህን ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

የምኖረው ኤድንብራ ነው። እዚህ ሰኔ ሲገባ «ሰመር» ይሉታል። ዝናቡን ላየች የጎንደር ልጅ ግን ክረምት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ከሥራ ስወጣ የምጠለልበት አንድ መጻሕፍት ቤት አለ። ሰመር በመጣ ቁጥር መግቢያው ላይ ያለው ትልቁ ጠረጴዛ ይጸዳና ከስኮትላንድ ታሪክና አፈ ታሪክ የተቀዱ አዳዲስ መጻሕፍት ይደረደሩበታል። እኔ ደግሞ የታሪክ ልብ ወለድ ሳይ እግሬ ይታሰራል። በሽታዬ ነው።

ዘንድሮም ገባሁ። ዘንድሮም ሰውዬው አለ።

የትኛው ሰውዬ? ሽፋኑ ላይ ያለው ነዋ! ደረቱን ገልጦ፣ ሽርጡን ታጥቆ፣ ፀጉሩን ነፋስ እየበተነው ጭጋግ ውስጥ የሚቆመው። ከኋላው የፈረሰ ግንብ። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ወይ ጀርባውን ሰጥቷል፣ ወይ ፎቶው አገጩ ላይ ያልቃል። አምና የገዛሁት መጽሐፍ ታሪኩ በ1746 ነበር፣ ሰውዬው ነበረበት። ዘንድሮ ያነሳሁት በ1297 ነው። ያው ሰውዬ፣ ያው ሽርጥ። (ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፣ እንዳንጋጭ።) አራት መቶ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ልብስ! ኧረ ይታጠብለት!

1297 ስኮትላንዳዊው የጦር መሪ ዊልያም ዋላስ ስተርሊንግ ድልድይ ላይ የእንግሊዝን ጦር የመታበት ዓመት ነው። ኪልት የሚሉት ሽርጥ ደግሞ ብቅ ያለው ገና በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ያኔም ጋቢ የሚያክል ጨርቅ ነበር፤ ወገብ ላይ በቀበቶ ይታሰርና የተረፈው ትከሻ ላይ ጣል ይደረጋል። ዛሬ ሠርግ ላይ የምናየው አጭሩ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነገር ነው። የጀመረው አንድ እንግሊዛዊ የብረት ፋብሪካ ባለቤት ነው የሚሉም አሉ። ይህን ስኮትላንዳዊ ፊት የምትናገሩ ከሆነ ግን ወደ በሩ ጠጋ ብላችሁ ይሁን። ደግሞ ሽርጥ የደጋው ሕዝብ ልብስ ነው፣ ዋላስ የደጋ ሰው አይደለም።

አፄ ዐምደ ጽዮን የነገሡት በ1314 ነው። የስኮትላንዱ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ ባኖክበርን ላይ እንግሊዞችን ያሸነፈበት ዓመት። እስቲ አፄ ዐምደ ጽዮን ክላሽ አንግተው የሚታዩበት ሽፋን አስቡ። ፌስቡክ አይቃጠልም?

እሺ፣ ሽፋን ነው፣ ይለፍ። ውስጡስ?

የጠረጴዛው ግማሽ ስለ ጠንቋዮች ነው። እዚህ ጋ ነው ደሜ የሚፈላው። በስኮትላንድ ጥንቆላን በሞት የሚቀጣው ሕግ ከ1563 እስከ 1736 ጸንቶ ቆይቷል። በዚያ ጊዜ 3,800 የሚሆኑ ሰዎች ተከሰዋል፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የተገደሉት ወደ 2,500 ይገመታሉ። ብዙዎቹን መጀመሪያ በገመድ አንቀው፣ ከዚያ ሬሳቸውን አቃጠሉት። «አዎ፣ ጠንቋይ ነኝ» የሚያሰኟቸው እንዴት ነው? አንዱ ዘዴ እንቅልፍ መከልከል ነበር። ቀናት ሙሉ አይንሽን እንዳትጨፍኚ ያደርጉሻል። ከዚያ በኋላ ሰይጣንን አየሁት፣ አብሬው ጨፈርኩ ብትዪ ምን ይገርማል?

አግነስ ሳምፕሰን የምትባል አዋላጅ ነበረች። በሽተኛም ታክም ነበር። ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ ከዴንማርክ ያገባትን ንግሥት ይዞ ሲመለስ ባሕር ላይ ማዕበል ገጠመው። የአየር ጠባይ ነው አላለም። ጠንቋዮች አስነሱብኝ አለ። አግነስን ተይዛ ስትቀርብ ራሱ መረመራት። በ1591 ተገደለች።

አሁን ዘንድሮ ወደ ገዛሁት መጽሐፍ ልውሰዳችሁ። ባለታሪኳ ቀይ ፀጉር አላት (ሁሌም ቀይ ነው፣ ጥቁር ፀጉር ያላት ስኮትላንዳዊት ጠፍታ ነው መሰለኝ)። ቅጠል ታውቃለች። ጠንቋይ ነሽ ብለው ያሳድዷታል። እስከዚህ ድረስ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። ገጽ 200 ላይ ስደርስ ልጅቷ እጇን ወደ ሰማይ ታነሳና መብረቅ ትጠራለች። አሳዳጆቿ አመድ ሆኑ።

ቆይ፣ ቆይ። መብረቅ መጥራት ከቻለች ከሳሾቹ ልክ ነበሩ ማለት ነው እኮ! ዳኛውም ልክ፣ ቄሱም ልክ፣ ንጉሡም ልክ። የእነዚያ ሴቶች መከራ እኮ ምንም አለመቻላቸው ነው። ማዕበል አላስነሱም። መብረቅ ቢጠሩማ ኖሮ ገመዱ አንገታቸው ውስጥ ይገባ ነበር? መጽሐፉ አንገታቸውን ቀና ላደርግላቸው ነው ይልና የሐሰት ክሱን ያጸድቅባቸዋል።

ይህን ለልጄ ነገርኳት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ነው የተወለደችው። «እማዬ፣ አታካብጂ፤ ፋንታሲ እኮ ነው» አለችኝ። ጃኬቷን አስለብሼ ወደ ኤድንብራ ግንብ ይዣት ወጣሁ። ከግንቡ በር ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ጥግ፣ ግድግዳ ላይ በ1894 የተሠራች ትንሽ ፏፏቴ አለች። በዚያ አካባቢ ለተቃጠሉት ሴቶች መታሰቢያ ናት። አጠገቧ ያለው ጽሑፍ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? አንዳንዶቹ የተለየ እውቀታቸውን ለክፋት ተጠቀሙበት፣ ሌሎቹ ግን ሰው ሳይረዳቸው ቀርቶ ነው ይላል። መታሰቢያ ተብሎ! ልጄ ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ «እንዴ?» አለች። እሷን «እንዴ» ማሰኘት ቀላል አይደለም። የስኮትላንድ መንግሥት መሪ የነበረችው ኒኮላ ስተርጅን ለነዚህ ሴቶች በይፋ ይቅርታ የጠየቀችው በ2022 ነው። ትናንት በሉት።

ደራሲዎቹ አፈ ታሪኩንም አልተዉትም። ስኮትላንዶች ኬልፒ የሚባል የውሃ ፈረስ አላቸው። ወንዝ ዳር ቆሞ ልጆችን በጀርባው ያስቀምጣል፤ እጃቸው ቆዳው ላይ ይጣበቃል፤ ይዟቸው ይሰጥምና ይበላቸዋል። አንዱ ልጅ የተጣበቀ ጣቱን በቢላ ቆርጦ አመለጠ የሚል ተረት አለ። ልጅ ወንዝ ዳር እንዳይጫወት የሚነገር ተረት ነው፣ የእኛም አያቶች ያውቁበታል። ዘንድሮ ኬልፒ ምን ሆነ? ፍቅረኛ! የሆዱ ጡንቻ የተደረደረ፣ የሚያዝን፣ የሚተክዝ ፍቅረኛ። እኔ ጅብ ሆኖ ሌሊት የሚመጣ ቆንጆ ልጅ ወደድኩ ብዬ ብጽፍ እናቴ ጠበል ነው የምትነዳኝ።

የሴልኪዋ ይባስ። ሴልኪ ባሕር ውስጥ አቆስጣ (ፈረንጆቹ «ሲል» የሚሉት የባሕር እንስሳ)፣ የብስ ላይ ሴት ናት። ሰውዬው ቆዳዋን ሰርቆ ይደብቅባታል፣ መመለሻ ስታጣ ሚስቱ ትሆናለች፣ ትወልድለታለች። አንድ ቀን ቆዳዋን ታገኛለች። ልጆቿን ትታ ወደ ባሕር ትገባለች። አለቀ። አራት አረፍተ ነገር፣ ግን ጉሮሮ ላይ የሚቀር። የዘንድሮው ደራሲ መጨረሻውን ለወጠው። ቆዳውን አገኘችና... ይቅር ብላው ቀረች! ወይ ጉድ።

ዋጋውን አልነካም ብዬ ነበር። ሃያ ፓውንድ! ጠርዙ በቀለም ስለተቀባ። ያንን ከፍለሽ፣ አምስት መቶ ገጽ ገፍተሽ፣ ልጅቷ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ ሳለ መጽሐፉ ያልቃል። ሁለተኛው ቅጽ ለከርሞ ሰመር። ሽፋኑ ላይ ቅጽ አንድ ብሎ መጻፍ ምን ነበረበት?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ጠረጴዛው ላይ የሌለው ነው። ፎልከርክ አጠገብ ሠላሳ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት የኬልፒ ራስ ሐውልቶች ቆመዋል፤ ያላየ የለም፣ ፎቶ ያልተነሳ የለም። ከዚያ ብዙ ሳትርቁ ላርበርት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የብረት መታሰቢያ አለ፤ የስኮትላንዳዊው ተጓዥ የጄምስ ብሩስ ነው። እኔ ስሄድ ከአንድ ድመት በቀር ማንም አልነበረም። ይህ ሰው በ1770 ጎንደር ገባ። ቁስቋም ውስጥ ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች አከመ፣ እቴጌ ምንትዋብን ተዋወቀ፣ ግሽ ዓባይ ደረሰ። መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ይዞ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። ጉረኛም ነበር፤ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የስፔን ቄስ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ምንጩን ማየቱን መዋጥ አቃተው። አገሩ ሲገባ ሳቁበት፤ ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ሲል ዋሾ አሉት። (እዚህ ላይ እኔም ምስክር ነበርኩ።) በ1790 የጉዞውን ታሪክ በአምስት ቅጽ አሳተመ። ያ ሁሉ በረሃና ጦርነት ያልገደለው ሰው፣ በ1794 እንግዳ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። ቀይ ፀጉር ከፈለጉም እሱ ነበረው!

ትናንት ሻጯን ጠየቅኳት። «ስለ ብሩስ የተጻፈ ልብ ወለድ አላችሁ?»

«አለን እንጂ!» ብላ ሮጠች።

«ጄምስ ነው ታዲያ፣ ጄምስ» አልኳት ከኋላዋ። አልሰማችኝም። ፈገግ ብላ ይዛልኝ መጣች። የሮበርት ብሩስ ነው። ጭጋጉ አለ፣ የፈረሰው ግንብ አለ። ሰውዬውም ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል።