ምነው፣ ምንህን አመመህ?

ባንኮክ ልንገባ ነው ብዬ ለዘመድ መናገር ስጀምር እንኳን ደስ ያለህ ያለኝ ሰው የለም። ሁሉም ደንገጥ አለ። «ምነው፣ ምንህን አመመህ?» አለኝ አንዱ። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሐኪሞቹ ምን አሉ?» ሲል ጠየቀኝ። አክስቴ ጭራሽ ስልኩ ላይ አለቀሰች።

አልፈርድባቸውም። ዱባይ የሚሄድ ይነግዳል፣ አሜሪካ የሚሄድ ይቀራል፣ ባንኮክ የሚሄድ ታሟል። አዲስ አበባ ውስጥ «ባንኮክ ወሰዱት» ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ተረፈ?» ነው።

እኔም ነገሩን አባባስኩት። ታይላንዶች ከተማቸውን ባንኮክ እንደማይሏት፣ ክሩንግ ቴፕ እንደሚሏት፣ ትርጉሙም የመላእክት ከተማ እንደሆነ አንብቤ ነበርና ለእናቴ ነገርኳት። ዝም አለች። ቆየት ብላ፣ «ልጄ፣ በእናትህ እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ።

እውነቱ ይኸውና። ባለቤቴ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ወደ ባንኮክ አዛወሯት። እኔና ሁለቱ ልጆች ከሻንጣው ጋር ተከተልን። የእኔ ወረቀት ላይ «ጥገኛ» የሚል ቃል አለ። ባለቤቴ ይህን ቃል በጣም ትወደዋለች። ሳህን ማን ያጥባል የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ትጠቅሰዋለች።

ቤት የተከራየነው ሱኩምቪት ከሚባለው ረጅም መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሶይ የሚባሉ ቅያሶች አሉ። ሁሉም ቁጥር አላቸው፤ በአንድ በኩል ጎዶሎ፣ በሌላ በኩል ሙሉ። ቁጥር በማየቴ እንዴት ደስ አለኝ! ዕድሜ ልኬን «ከፋርማሲው ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ በር» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ደስታው ግን አልቆየም። ከሶይ 55 ማዶ ያለው 54 ወይም 56 መስሏችሁ ከተሻገራችሁ 38 ላይ ታርፋላችሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወደ ጥንቱ ተመለስኩ። «ከሰቨን ኢሌቨኑ ጎን» ማለት ጀመርኩ። ችግሩ ሰቨን ኢሌቨን የሚባለው ሱቅ የሌለበት ጎን የለም።

አንድ ቀን ግን ሐበሻነቴ ክብር አገኘ። የሕንፃው ነዋሪዎች ድግስ ነበራቸው። ሰዓቱን ጥበቃውን ብጠይቀው «ኑንግ ቱም» አለኝና አንድ ጣቱን ቀሰረ። ባለቤቴ «የፈረንጅ አንድ ማለቱ ነው፣ ቀን ሰባት ሰዓት» ብላ ልጆቹን ልታለብስ ተነሳች። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሰውየው የነገረኝ በምሽት ሠላምታ ቃና ነበር። «ማታ አንድ ሰዓት ነው» አልኩ። ሳቀችብኝ። ሰባት ሰዓት ላይ ወረደች። ግቢው ውስጥ አንዲት ድመት ብቻ ነበረች።

ለካ ታይላንዶችም በባህላዊው አቆጣጠራቸው ምሽቱን ከአንድ ነው የሚጀምሩት። ፈረንጅ 7 የሚለው ለእነሱም አንድ፣ 8 ሁለት፣ እያለ እስከ አምስት። ቱም የሚለው ቃል ድሮ ሰዓት በከበሮ ሲነገር የቀረ የከበሮው ድምፅ ነው ይላሉ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ይከዱናል፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ያም ሆኖ እኔ ያን ምሽት ልክ በአንድ ሰዓት ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ። ሳህኑንም ያን ማታ እሷ አጠበች።

በሰዓት ብንስማማ በዓመት ተለያየን። እኛ ከፈረንጅ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ፣ እነሱ 543 ዓመት ወደ ፊት። 2014 ዓ.ም. ክረምት ላይ የመጀመሪያው የመብራት ሒሳብ ሲመጣ 2565 ይላል። «ለመክፈል ከ500 ዓመት በላይ አለን» ብዬ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ባለቤቴ አላሳቃትም።

በዓመቱ ደግሞ ሶንግክራን መጣ። የእነሱ አዲስ ዓመት ነው፤ ከኤፕሪል 13 ጀምሮ ሦስት ቀን። በወጉ ለሽማግሌ እጅ ላይ ውኃ ያፈሳሉ፣ ምርቃት ይቀበላሉ። መንገድ ላይ ግን ወጉ ይረሳና በባልዲ፣ በጎማ ቱቦ፣ በውኃ ሽጉጥ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ታዲያ የመጀመሪያው ቀን ከእኛ ጸሎተ ሐሙስ ጋር ገጠመ። ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የጉልባን እህል ልትገዛ ወጣች። ቅያሱ ራስ ላይ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ባልዲ ይዛ ትጠብቃት ነበር። እላይዋ ላይ ገለበጠችው። ከዚያ እጇን አገናኝታ በትሕትና እጅ ነሳቻት። ባለቤቴ ነጠላው ላይዋ ላይ ተጣብቆ ተመለሰች። «እዚህ አገር ሕፅበተ እግር ከራስ ነው የሚጀምረው» ብላ ልብስ ልትቀይር ገባች።

እንግዶቹ መምጣት የጀመሩት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በገባን በሦስተኛው ወር ነው።

መጀመሪያ ስልኩ ነበር። በአዲስ አበባና በባንኮክ መካከል የአራት ሰዓት ልዩነት አለ። አዲስ አበባ ላይ ከእራት በኋላ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ሰው ሁሉ በሽታው ትዝ በሚለው ጊዜ፣ እኛ ጋ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። «ተኝተሃል እንዴ?» ይላል ሰውየው። «ኧረ ነቅቻለሁ» እላለሁ። ከዚያ በቴሌግራም ኤክስሬይ ይመጣል። የማላውቃቸው ሰዎች አከርካሪ ስልኬ ላይ አለ። የልጆቼን የልደት ፎቶ ላሳያችሁ ብዬ ስከፍት በመሃል የአጎቴ ጉልበት ብቅ ይላል።

እኔ የተማርኩት ሒሳብ አያያዝ ነው። ይህን ብናገር ማን ይሰማኛል? ባንኮክ የሚኖር ሐበሻ ሐኪም አይደለሁም ካለ ትሕትና ነው የሚመስላቸው።

ከስልኩ በኋላ ሰዎቹ ራሳቸው መጡ። የሚስቴ አጎት ቀዳሚ ነበሩ። ለቀጠሮ ስንሮጥ ልክ በፈረንጅ 8 ሰዓት ጠዋት ባቡር ጣቢያ ገባን። ድምፅ ማጉያው ላይ ሙዚቃ ተለቀቀ። ሰዉ ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ። አንዱ ትኬት እየቆረጠ፣ አንዷ ጫማዋን እያስተካከለች። የአገሩ ብሔራዊ መዝሙር ነው፤ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ይሰማል። አጎትየው ደነገጡና «ምን ሆኑ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ከዘራቸውን እግራቸው ሥር አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙ። መዝሙሩ ካበቃ በኋላም አልተንቀሳቀሱም። «ድሮ እኛም ባንዲራ ሲወርድ እንቆም ነበር» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ባቡሩ አመለጠን።

ስለ ሻንጣው ሳልናገር ባልፍ እዋሻለሁ። አንድ መንገደኛ ሁለት ሻንጣ ይፈቀድለታል፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። የሕመምተኛው ልብስ አራት ኪሎ፣ በርበሬውና ሽሮው ስድስት ኪሎ (ሰፈሮቹን አይደለም)፣ የቀረው እንጀራና ድርቆሽ ነው። እዚህ ጤፍ እንደ ልብ አይገኝም። እኛ በሩዝ ዱቄት የምንጋግረውን ነገር ልጆቹ በጨዋነት ይበሉታል። የመጣልን እንጀራም በባንኮክ ወበቅ ቶሎ ይሻግታል። ስለዚህ የታማሚ መድረሻ ቀንና የፍሪጃችን ክፍት ቦታ አብረው ነው የሚታቀዱት። ኃጢአቴን ልናዘዝና፣ በርበሬው ሊያልቅ ሲል «አሁን ማንን አሞት ይሆን?» ብዬ አስቤ አውቃለሁ።

ከሁሉም የማልረሳው የአማቴን ነው።

የመጡት ለጉልበታቸው ነው። ሆስፒታሉ የአማርኛ አስተርጓሚ ነበረው። አማቴ ግን «ባዳ ፊት ገመናዬን አልዘረግፍም» አሉ። እኔ ገባሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ፀጉሩ የተተኮሰ ይመስላል። ምን እንደሚሰማቸው ጠየቀ።

«ብርድ ነው በለው» አሉኝ።

ውጭው 36 ዲግሪ ነው። ብርድ ነው ይላሉ አልኩት በእንግሊዝኛ። ሐኪሙ በመስኮቱ አየ፤ መልሶ እኔን አየኝ። ከመቼ ጀምሮ አለ።

«ሚስቱን የወለድኩ ጊዜ ነው በለው። አራስ ቤት ሳለሁ በሩን ከፍተውት ገባብኝ። ማን እንደከፈተውም አውቃለሁ።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ሐኪሙ ጻፈ። ምን እንደጻፈ እግዜር ይወቀው። ቀጥሎ ሕመሙ ምን ዓይነት እንደሆነ እንዲገልጹ ጠየቀ። አማቴ ወንበራቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። «ሲነጋ ይቆረጥመኛል። ስቀመጥ ይጠዘጥዘኛል። ስነሳ ውግት ያደርገኛል። ማታ ማታ ውርር ብሎ እስከ ዳሌዬ ይወጣል።» እኔ በእንግሊዝኛ ያለኝ ቃል አንድ ብቻ ነው። ያማቸዋል አልኩ። አማቴ ዞር ብለው አዩኝ።

«ያን ሁሉ ተናግሬ ይህችን ብቻ?»

«ባጭሩ ነው፣ እማማ።»

«የሚያሳጥርልኝ መች አጣሁ» አሉ።

ተነሡ፣ ተኙ፣ ተነሡ። ሐኪሙ በመጨረሻ የጉልበት መገጣጠሚያቸው በዕድሜ መሳሳቱን ነገረን። ደረጃ አያብዙ፣ ረጅም ሰዓት አይቁሙ አለ። አማቴ ፊታቸውን አጨፈገጉ። ስምንት ሰዓት ያህል በረው የመጡት ለዕድሜ አልነበረም። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ደከም አላቸውና ግድግዳ ያዙ። በዕድሜ ጠና ያሉ ነርስ ነበሩ፤ ሮጠው ያዟቸው። ከኪሳቸው ያዶም አወጡ። ያዶም እዚህ አገር በየሰው ኪስ ያለ የከንፈር ቀለም የምታህል ቱቦ ናት፤ ሜንቶልና ካምፎር አለባት። አፍንጫ ውስጥ ሸጎጥ አድርገው ይምጓታል። ነርሷ አማቴ አፍንጫ ሥር አስጠግተው፣ በእጃቸው አየሩን እያማቱ «ሎም፣ ሎም» አሉ።

«ምን አለች?»

«ነፋስ ነው እያሉ ነው።» እውነቴን ነው፤ ሎም በታይኛ ነፋስ ነው። ራስ ሲያዞር፣ ሰው ሲዝለፈለፍ፣ እነሱም በነፋስ ያሳብባሉ።

የአማቴ ፊት በራ። «አላልኳችሁም? ያ ልጅ ነው። ሐኪሟ ይቺ ናት!» አሉና ነርሷን ሁለቱንም ጉንጭ ሳሟቸው። ነርሷ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ክፍያ ተቀብለው አያውቁም መሰለኝ፣ ግራ ገብቷቸው እጃቸውን አገናኙ።

በማግስቱ ፕራቱናም ሄድን፣ የጅምላ ልብስ ገበያ ነው። አማቴ ከጎረቤት የተሰጣቸው ዝርዝር ሁለት ገጽ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ዞርን። ደረጃ ወጣን፣ ደረጃ ወረድን። ተከራከሩ፤ በአማርኛ፣ ሻጯ በታይኛ፣ በሒሳብ ማሽን ላይ ተገናኙ። ጉልበታቸውስ? ትዝም አላላቸው። እኔ ነኝ አሥር ሰዓት ላይ ወንበር የለመንኩ።

ሲመለሱ ድካሙን በቡና ልርሳው አሉ። ቤታችን ሃያ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ቆልተው ጭሱን ሲያዞሩልን የጭስ ጠቋሚው ጮኸ። ያ የኑንግ ቱም ጥበቃ የእሳት ማጥፊያ ተሸክሞ ደረሰ። አማቴ አልተነሡም። «ግባ ልጄ፣ ቡና ላይ ደረስክ። አማትህ ትወድሃለች» አሉት። እኔ ተረጎምኩ፤ ባጭሩ። ሰውየው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ተንበርክኮ ገባ። ሲኒውን በሁለት እጁ ተቀበለ። «የጨዋ ልጅ» አሉ አማቴ። እሱም ቀመሰና ፈገግ ብሎ «ናም ኬንግ?» አለ።

በረዶ ማለቱ ነው። እዚህ አገር ቡና ያለ በረዶ አይጠጣም ብል ማጋነን አይሆንም። ከአማቴ ጋር ለመጣላት ስላልፈለግሁ ዝም አልኩ። ትልቋ ልጄ ግን ከማቀዝቀዣው አምጥታ ሲኒው ውስጥ ጠብ አደረገችለት። አማቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«አቦል ላይ በረዶ! ታዲያ እንዴት ነው ብርድ የሚለቃችሁ?»

አማቴ ከአርባ ያዶም ጋር ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከእሳቸው በኋላ ብዙ ሰው መጣ። በዚህ ሁሉ መሃል፣ ከአየር ማረፊያ ሻንጣ ሳነሳ፣ የቀኝ ትከሻዬን አመመኝ። ማታ ማታ ይጠዘጥዘኛል። ቀጠሮ ልያዝ እላለሁ፤ የሌላ ሰው ቀጠሮ ይደርስና ይረሳል።

ባለፈው ሳምንት አማቴ ደወሉ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። ልጃቸው ነግራቸው ኖሮ፣ «ምነው፣ ምንህን አመመህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«እዚያ ምን ትሠራለህ ታዲያ? እዚህ ጎበዝ ወጌሻ አለ፤ አንዴ ነው የሚያሽህ። ቶሎ ና። ደግሞ ባዶ እጅህን እንዳትመጣ፣ ያቺን የምትሸተተዋን፣ ስልሳ ፍሬ። ሰፈሩ ሁሉ ጨርሶብኛል። የጎረቤቶቹን ዝርዝር ደግሞ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ።»

በማግስቱ ሁለት ሻንጣ አውርጄ መዘንኩ። ልብሴ አራት ኪሎ ሆነ።