የድሮው አልጋ ቤት ይታደስ ወይስ ይፍረስ?

በደጀንና በደብረ ማርቆስ መካከል ካሉት ትንንሽ የመንገድ ዳር ከተሞች በአንዷ፣ ጣልያን ከወጣ በኋላ የተሠራ ባለ በረንዳ የጭቃ አልጋ ቤት ቆሟል። ወራሾቹ አፍርሰው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሊያቆሙበት አስበዋል፤ ከከተማው ነዋሪ ከፊሉ ደግሞ ቤቱ ታድሶ እንግዳ መቀበሉን እንዲቀጥል ይጠይቃል። በጉዳዩ ላይ የሕንፃ ሙያ የሚያስተምሩ አንድ መምህርና በዚያው ግቢ ያደጉ አንዲት ነጋዴ እንደሚከተለው በጽሑፍ ተከራክረዋል።

መምህሩ፦ በእኛ አገር ቅርስ ሲባል ዓይናችን ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ቤተ መንግሥት ይሄዳል እንጂ አልጋ ቤት ላይ አያርፍም። ለዚህም ምክንያት አለው። የመሸበት መንገደኛ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲጣራ «ቤት የእግዜር ነው» ተብሎ የሚገባበት አገር ስለ ነበር፣ ለማደሪያ ገንዘብ መቀበል ነውር ነበረ። በየጁቤ አቅራቢያ ወደሚገኘው የባሶ ገበያ አሞሌ ጨው ጭኖ ይወርድ የነበረው ሲራራ ነጋዴም ድንኳኑን ተክሎ ወይም ከሚያውቀው ባላገር ዘንድ ያድር ነበር እንጂ አልጋ አይከራይም። አዲስ አበባ እንኳን የእቴጌ ጣይቱን ሆቴል ያየችው በ1890ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። አልጋ ማከራየት ወደ እኛ የደረሰው ደግሞ ከመኪና መንገድ ጋር ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጣልያን ለጦሩ ብሎ የጠረገው መንገድ፣ ከነጻነት በኋላ የነጋዴውና የሹፌሩ ሆነ፤ የዓባይን በረሃ ሲንፏቀቅ የወጣ ትሬንታ ኳትሮ የተባለው የጭነት መኪና ደጋው ላይ ሲደርስ መሽቶበት ስለሚያድር፣ በየከተማው «አልጋ አለ» የሚል ጽሑፍ ተሰቀለ። እንግዳ የእግዜር መሆኑ ቀርቶ ደንበኛ የሆነበትን ያንን ዘመን በዓይን የሚያሳየን ሌላ ቤት በከተማችን የለም። በአጠገቡ የነበሩት አልጋ ቤቶች በደርግ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ተብለው ተወሰዱ፤ የቀበሌ ኪራይ የቆርቆሮ ምስማር እንኳን ስለማይገዛ አንድ በአንድ ወደቁ። ይህኛው የተረፈው ቤተሰቡ ራሱ ይኖርበት ስለ ነበረ ነው።

ስለ እድሳቱ በሙያዬ ልናገር። ቤቱ የታመመው በእርጅና ሳይሆን በሕክምናው ነው። ቋሚዎቹ የጽድ ናቸው፤ ጽድ ምስጥ አይደፍረውም። ግድግዳው በጤፍ ጭድ ተቦክቶ የተመረገ ጭቃ ስለሆነ የጠጣውን እርጥበት መልሶ ይተነፍሳል፤ በየዓመቱ ከመስቀል በፊት ምርጊቱ ከታደሰ ብዙ ትውልድ ያሳልፋል። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት «ይጠንክር» ተብሎ በሲሚንቶ ተለሰነ። ሲሚንቶና ጭቃ አብረው ስለማይሠሩ ልስኑ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ዝናብ መውጫ ያጣል፤ የቋሚዎቹም እግር ከውስጥ በሰበሰ። የጎንደር ግንቦች እንኳን በወረራው ዘመን በሲሚንቶ ተጠግነው፣ በኋላ ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆኗል። የእኛ ቤት የሚያስፈልገው ሲሚንቶውን መላጥ፣ የበሰበሰውን የቋሚ እግር ቆርጦ በድንጋይ መሠረት ላይ ማሳረፍ፣ ጭቃውን ረግጦ በሚገባ ማቡካትና መልሶ መምረግ ነው። አብዛኛው ወጪ ጉልበትና ጭድ ነው፤ ሁለቱም እዚሁ ይገኛሉ።

ነጋዴዋ፦ መምህር፣ ስለ ጭቃው የጻፉትን በሙሉ እቀበላለሁ፤ ያንን ጭቃ ከእናቴ ጋር ረግጬዋለሁና። የማልቀበለው ቤቱን ከሥራው ነጥለው ማየትዎን ነው። ያ አልጋ ቤት የኖረው በውበቱ ሳይሆን መኪና ስለሚመሽበት ነው። አውቶቡስ ሌሊት መጓዝ ተከልክሎ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ለመድረስ በመንገድ ማደር ግድ በነበረ ጊዜ አሥሩ አልጋ ሞልቶ መደቡ ላይ ሳይቀር ሰው ይተኛ ነበር። ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው፤ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ መንገደኛው ቢበዛ ለምሳ ብቻ ይቆማል። የሚያድርብን ለስብሰባ የመጣ ሠራተኛ ወይም ሹፌር ነው፤ እርሱም ሻወር ያለው ክፍል ይፈልጋል እንጂ አቡጀዲ ኮርኒስ ለማየት አይመጣም። አድሰን ባዶውን ብናስቀምጠው በሁለተኛው ክረምት ማን ይመርገዋል? ወራሾቹም እኮ ሆዳሞች አይደሉም፤ ከግብር የተረፈ ነገር የማያስገባ ቤት ላይ ተቀምጠዋል።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን አመንትቻለሁ። እርስዎ ታሪኩን ከሹፌሩና ከነጋዴው ወገን ነገሩን። እናቴ በዚያ ቤት አልጋ ስታነጥፍ፣ ውኃ ከወንዝ ስትቀዳና ጠላ ስትጠምቅ ኖራለች። ኮማሪቷ ጠጅ ትቀዳለች፤ ከጓሮ ባሉት አራት ትንንሽ ክፍሎች ደግሞ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ያድሩ ነበር። ከባል ቤት ኮብልለው ወይም ድርቅ አባሯቸው የመጡ ናቸው፤ ሌሊታቸው ምን እንደ ነበር እኔም እርስዎም እናውቃለን። በረንዳው ታድሶ ግድግዳው ላይ የአሮጌ መኪና ፎቶግራፍ ሲሰቀል፣ ስለ እነርሱ የሚጻፍ አንድ መስመር ይኖራል? ከሌለ፣ የሚታደሰው የእኛ ቤት አይደለም።

መምህሩ፦ እህቴ፣ ስለ ጓሮው ክፍሎች በጻፉት ተወቅሻለሁ፤ አልከላከልም። ይሁን እንጂ ያነሡት ነገር ቤቱን ለማቆየት ምክንያት ይሆናል እንጂ ለማፍረስ አይሆንም፤ ፎቁ ሲቆም የእናትዎም የልጃገረዶቹም ዱካ ከመሠረቱ ጋር ይቆፈራልና። ስለ ገቢው ግን አልስማማም። የጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ከተጎዳ በኋላ ተጠግኖ አልጋ ማከራየቱን ቀጥሏል፤ ሰው አሮጌ ቤት ይንቃል የሚለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። እርግጥ ነው፣ እኛ አዲስ አበባ አይደለንም። ስለዚህ ከአሥሩ ክፍል ስድስቱ ውኃና መጸዳጃ ገብቶላቸው እንዲከራዩ፣ ፊተኛው አዳራሽ ምግብ ቤት እንዲሆን ነው ሐሳቤ፤ ቧንቧውን ከጭቃው ግድግዳ አርቆ ማሳለፍ ይቻላል። ቤቱ ቅርስ ተብሎ ከተመዘገበም፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል ሊያግዝ ይችላል።

ነጋዴዋ፦ ስድስቱ ክፍል ይከራያል ካሉ የማሰላው ነገር አገኘሁ፤ እስከ ዛሬ «ይታደስ» ከሚለው ቃል ሌላ የነገረን አልነበረም። ምዝገባው ግን ባለቤቱንም ያስራል፤ ከዚያ በኋላ አንድ በር ለመለወጥ ፈቃድ መጠየቅ እንዳለበት ለወራሾቹ አስቀድሞ ይነገራቸው። ምርጊቱን በየዓመቱ የሚሸፍን ገንዘብ ከኪራዩ ተቀንሶ እንዲቀመጥ በጽሑፍ ከተስማሙ፣ ይፍረስ የሚለውን ቃሌን አነሣለሁ። አንድ ነገር ግን ይቀራል። የእድሳቱ ደጋፊዎች ያሠሩትን ንድፍ ትናንት አይቼዋለሁ፤ በረንዳው አለ፤ አዳራሹ አለ፤ አሥሩም ክፍል አለ። አራቱ የጓሮ ክፍሎች ባሉበት ቦታ ላይ የተጻፈው «የመኪና ማቆሚያ» ነው።