ጨረር ያገኘው ዓይን መርፌ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ከድሬዳዋ

በዓይን ውስጥ፣ በአፍንጫ ጀርባ ወይም በአንጎል ለበቀለ ዕጢ የጨረር ሕክምና የወሰደ ሰው ሬቲናው፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ወዲያው አይታመምም። ጨረሩ የጥቃቅን የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ስለሚገድል ሥሮቹ ቀስ በቀስ ይደፈናሉ፤ የቀሩትም ያፈስሳሉ፤ ሕመምተኛው ግን ዓይኑ መድከሙን የሚያስተውለው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቆይቶ ነው። የሞተ የደም ሥር አይመለስም። ስለዚህ የደም ሥሮቹን ፍሳሽ የሚገታ እንደ ቤቫሲዙማብ ያለ መድኃኒት፣ ሰውየው ገና አጥርቶ እያየ ሳለ፣ በየጥቂት ወሩ ዓይኑ ውስጥ መወጋት መጀመር አለበት እላለሁ።

ከሐረር

የእህቴን ሥጋት እጋራለሁ፤ መደምደሚያዋን ግን አልቀበልም። ጉዳቱ ሬቲናው ከ45 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በታች ሲቀበል ብዙ አይታይም፤ የስኳር ሕመም ወይም ኬሞቴራፒ ሲታከልበት ግን ባነሰ መጠንም ይከሰታል። እንግዲህ ጨረር የወሰደን ሁሉ መውጋት፣ ፈጽሞ የማይታመመውንም መውጋት ነው። መድኃኒቱ ለአንጀት ካንሰር የተሠራ በመሆኑ፣ ለዓይን ሲውል ከትልቁ ብልቃጥ በጥቂት በጥቂቱ ይቀዳል፤ አቀዳዱ ንጽሕና ከጎደለው ዓይን ውስጥ የሚገባው ጀርም፣ ልናድነው የፈለግነውን ብርሃን ራሱ ሊያጠፋ ይችላል። ኃይሉም በሳምንታት ስለሚደክም፣ ኦቾሎኒውን ሸጦ ከባቢሌ የሚመጣ ገበሬ ለዓመታት ይመላለሳል። እኔ የምመርጠው በየ3 ወይም 4 ወሩ ማኩላውን (አጥርቶ የሚያየውን የሬቲና መካከል) በኦሲቲ፣ ማለትም የሬቲናን ንብርብሮች በብርሃን በሚያሳይ መሣሪያ፣ ማንሳትና፣ እብጠት እንደታየ፣ ዕይታው እስኪቀንስ ሳይጠብቁ፣ ያን ጊዜ መውጋት ነው።

ከድሬዳዋ

ወንድሜ፣ ያ ገበሬ በየ3 ወሩ ለምርመራ መምጣት ከቻለ ለመርፌውም ይመጣል፤ መንገዱ አንድ ነው። ይልቅ የሚያስፈራኝ አንዱን ቀጠሮ ሲያሳልፍ ነው፤ እርስዎ የሚጠብቁት እብጠት ማንም ሳያየው ማኩላውን ጎድቶት ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው መርፌም ውኃውን ያደርቅ ይሆናል እንጂ የጠፋውን ዕይታ አይመልስም።

ከሐረር

መንገዱ አንድ ቢሆንም አደጋው አንድ አይደለም፤ ምርመራው ዓይን አይወጋም። እብጠት ስለሚቀንሰው ስለ ስቴሮይድ መርፌ ያላነሣሁት የዓይን ግፊትን ስለሚጨምርና ሞራን ስለሚያፋጥን ነው፤ ሌዘር ደግሞ ቦታው ደም ያጣው የሬቲና ዳርና እዚያ የሚበቅሉት አዳዲስ ሥሮች ናቸው። ጨረሩ በቀጥታ ማኩላውን ለመታበት፣ በተለይም ስኳር ላለበት ሕመምተኛ፣ ቀድሞ መወጋትን እቀበላለሁ። ለሌላው ግን ኦሲቲው እብጠት እስኪያሳይ ድረስ መርፌ አላዝም።