ስኮላርሺፑ አለ፣ የጠፋው የመነሻው ብር ነው

ሰሞኑን ጎንደር ማራኪ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ከፊቴ ነበረች። ትራንስክሪፕቷ እንዳይጨማደድ በላስቲክ ጠቅልላዋለች። ስልኳ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ የሆነው የኤራስመስ ሙንዱስ ማመልከቻ ተከፍቷል። "ሁሉንም ሞልቻለሁ፣ የቀረኝ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው" አለችኝ። "አዲስ አበባ ሄጄ ልፈተን ብል ብሩን ከየት አመጣለሁ?"

ጎንደር ውስጥ ይህን ጥያቄ ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። "ስኮላርሺፕ ጠፋ" እንላለን እንጂ አልጠፋም። ኤራስመስ ሙንዱስ ለማስተርስ ተማሪ የትምህርቱን ክፍያ ችሎ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። ዲግሪዋን ልትጨርስ ወራት የቀሯት ልጅም ማመልከት ትችላለች። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ደግሞ መኖሪያና የአውሮፕላን ቲኬት ሳይቀር ይሸፍናል፣ ለማመልከትም አያስከፍልም።

ልጆቻችንን የሚያስቀራቸው ከዚያ በፊት ያለው ወጪ ነው። የፈተናው ዋጋ ብዙ ጊዜ በዶላር ነው የሚተመነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በዚህ የጸጥታ ሁኔታ ልጁን ደፍሮ አውቶቡስ ላይ የሚያሳፍር ወላጅ ስንት ነው? ዕድሉ ከተገኘ በኋላም ጣጣው አያልቅም። የኤራስመስ ተማሪ ቲኬቷንና ቪዛዋን የምትሸፍነው ከዚያው ከ1,400 ዩሮው ነው። ቲኬቱ ግን ብሩ እጇ ሳይገባ መቆረጥ አለበት።

ደላላ የሚገባው እዚህ ክፍተት ላይ ነው። አንድ የማውቃቸው አባት ሁለት በሬዎቻቸውን ሸጠው ለ"ፕሮሰስ" ከፈሉ። "መቶ ፐርሰንት ስኮላርሺፕ ነው" ተብለው ነበር። የመጣው ግን ተራ የመግቢያ ደብዳቤ ነው፣ ስለ ገንዘብ አንድም መስመር የለውም። መቀበልና መደገፍ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የነገራቸው አልነበረም። ደብዳቤውን አሁንም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። ባየሁት ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል።

እኔ የምለው ይህ ነው፤ ተዘዋዋሪ ፈንድ እናቋቁም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት ከተከፈተ ጀምሮ ያስተማራቸው ሰዎች በየአህጉሩ አሉ። ብዙዎቹም ለአገራቸው ልጅ እጃቸው አይታጠፍም። ፈንዱ ለአንድ ልጅ የፈተና፣ የቪዛና የቲኬት ብር ያበድራት። እሷ ከምታገኘው ወርሃዊ ክፍያ ቀስ በቀስ ትመልስ፣ ብሩ ለሚቀጥለው ይለፍ። ሙሉ ትምህርቷን አስተምሩ አላልኩም፣ ያንን የሚከፍል ተገኝቷል።

ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ብር የማይጠይቅ ሥራ አላቸው። ብዙ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች "ተማሪዋ የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው" የሚል ደብዳቤ በፈተናው ምትክ ይቀበላሉ። ሁሉም ባይሆኑም ብዙዎቹ። ይህን ደብዳቤ ለማግኘት ተማሪ ሳምንት መመላለስ የለበትም።

ለልጅቷም ይህንኑ ነገርኳት። አላወቀችም ነበር። እዚያው ቆማ የመረጠችውን ፕሮግራም መስፈርት ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ደብዳቤውን ይቀበላል። ሰዓቷን አየች፣ ሊሆን ነው አሥር ሰዓት። ትራንስክሪፕቷን በላስቲኩ ጠቅልላ ሬጅስትራር ሳይዘጋ ለመድረስ ወደ ግቢው ሮጠች።