«የአየር ጠባይ ነው» ሲባል ዝም የሚል መንገደኛ

አገር ቤት የጎንደር ወይም የላሊበላ በረራ በክረምት ጉም ሲዘገይ መንገደኛው ተነሥቶ ሠራተኞቹን ሲከብ፣ አንዱ ሲቆጣ ሌላው «ቆይ እስቲ፣ ይናገሩ» እያለ ሲያበርድ ማየት ድሮ ያሳፍረኝ ነበር። ባለፈው ጥር አሜሪካ ውስጥ ከሚኒያፖሊስ ወደ ሱ ፎልስ ስጓዝ ግን ያ ጫጫታ ክፉኛ ናፈቀኝ።

የተመደበችልን 50 ሰው የምትይዝ ሲአርጄ 200 የተባለች አውሮፕላን ነበረች። ቦምባርዲየር ይህን ዓይነት አውሮፕላን መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2006 ስለሆነ፣ ከመካከላቸው «አዲስ» የምትባለዋም ጎልማሳ ናት። መስኮቷ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ውጭውን ለማየት አንገት መድፋት ግድ ይላል፤ የእጅ ሻንጣችንንም ከላይ ያለው ማስቀመጫ ስለማይችለው በር ላይ ተቀበሉን። ባሕር ዳር የሚያደርሰን ኪው 400 አውሮፕላን ከዚህች ጋር ሲተያይ ሙሽራ ነው፤ እኛ ግን አሜሪካ ሲባል ሁሉ ነገር አዲስ ይመስለናል።

ብርዱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ነበር፣ በረዶውም አላባራም። ስስ የበረዶ ግግር እንኳ ክንፍ የማንሳት ኃይሉን ስለሚቀንስበት፣ ግግሩን የሚያስለቅቀውን የጋለ ብርቱካንማ ፈሳሽ ረጭተው አዲስ በረዶ እንዳይይዝ የሚከላከለውን አረንጓዴ ሲደርቡበት ቅር አላለኝም። ወረፋ ስንጠብቅ የፈሳሹ የመከላከያ ጊዜ አልፎ ለዳግም ርጭት ስንመለስም ታገሥሁ።

ያንገበገበኝ ከመሳፈራችን በፊት የነበረው ከሦስት ሰዓት በላይ ቆይታ ነው። ሠራተኛዋ በየጊዜው «የአየር ጠባይ» ትላለች፤ በዚያው በረዶ ውስጥ ሌሎች አውሮፕላኖች እየተነሡ ናቸው፤ ወደ እኛዋ ደግሞ ቴክኒሻን የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ሲገባ በመስታወቱ አየነው። የአየር ጠባይና የአውሮፕላን ብልሽት ልዩነታቸው ቀላል አይደለም። ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ይህን ያህል ላስቆሙት መንገደኛ ምግብ እንሰጣለን ያሉት ጥፋቱ የራሳቸው ሲሆን ነው፤ ሰማይ ካጠፋ ግን ሳንድዊችም የለም። ይህን የሚያውቁ ሰዎች በዙሪያዬ እንደነበሩ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ከጆሯቸው ማዳመጫውን ነቅለው ይሰሙና መልሰው ይሰኩታል። አገር ቤት ቢሆን እስካሁን አንዲት እናት «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪን» ብለው ፊቷ ቆመው ነበር።

ብቻዬን ሄጄ ጠየቅኋት። ፈገግ ብላ ቅሬታዬን በድረ ገጹ እንድሞላ መከረችኝ፤ ሞላሁ። መልሱ ከሳምንታት በኋላ መጣ፦ ምክንያቱ የአየር ጠባይ በመሆኑ ምግብም ሆነ ካሳ አይገባኝም። ስለ ቴክኒሻኑ በዝርዝር ብጽፍም አንዲት ቃል አልመለሱልኝም።